333 ኪሎ ሜትር በሰማይ፣ 700 ኪሎ ሜትር በምድር፦ ከቦሌ እስከ ላሊበላ ደርሶ መልስ

ለ31 ዓመታት ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ የኬክሮስና የኬንትሮስ ምዕራፍ ላይ በደረስኩ ቁጥር ጥቁር ሰሌዳው ላይ የምጽፈው አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ «ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የቀጥታ መስመር ርቀት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ጥያቄውን የመረጥኩት ለስሌት ስለሚመች ነው። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስልሳኛ ማለት ነው) የቀረው ኬክሮስ ላይ ይገኛል፤ የላሊበላው ማረፊያ ደግሞ 12 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ላይ ነው። ሁለቱም ከ39ኛው የኬንትሮስ መስመር ብዙ አይርቁም፤ የላሊበላው ከቦሌው ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከባድ ቀመር ሳያስፈልገው ሦስቱን ዲግሪ በ60 አባዝቶ 180 ደቂቃ ያገኛል፤ አንዱ የኬክሮስ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ መልሱ 333 ኪሎ ሜትር ግድም ይመጣል።

አንድ ዓመት ከኋላ ወንበር የተቀመጠ የላስታ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ 333 ከሆነ አጎቴ ሲመጣ ለምንድን ነው መንገድ ላይ ሁለት ሌሊት የሚያድረው?» ብሎ ጠየቀኝ። መንገድ እንደሚጠማዘዝ ነግሬው አለፍኩ። መልሱ ውሸት አልነበረም፤ ግን አንድ መምህር ሊሰጠው የሚገባውን ያህል አልነበረም። ጡረታ ወጥቼ ጊዜ ባገኘሁበት በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ የባለቤቴ አጎት ላሊበላ ላይ ታመው መሻላቸውን ሰምተን ልጠይቃቸው ስነሣ፣ ስሄድ በአውሮፕላን፣ ስመለስ ግን ሆን ብዬ በመኪና ለመምጣት ወሰንኩ። ይህ ማስታወሻ በጉዞው ላይ ከያዝኩት ደብተር የተቀዳ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5፦ ከኮተቤ እስከ ላሊበላ

ከቤቴ የወጣሁት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ከኮተቤ ቦሌ ለመድረስ 25 ደቂቃ ይበቃል፤ ቀን ቢሆን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ለራይድ ሹፌሩ 190 ብር ከፈልኩ። የአገር ውስጥ መንገደኞች መግቢያ ላይ የመጀመሪያው እንቅፋት ገጠመኝ፤ ትኬቱን የቆረጠልኝ የሰፈራችን ትኬት ቢሮ የአባቴን ስም ሲጽፍ አንድ ፊደል ገድፎ ስለነበር፣ ስሙ ከመታወቂያዬ ጋር አልተገናኘም። አንዲት ትሕትና ያላት ልጅ ወዲያና ወዲህ ተመላልሳ እስክታስተካክልልኝ ድረስ 20 ደቂቃ ቆሜ ጠበቅኩ። ትኬት ስትቆርጡ ስማችሁን ፊደል በፊደል አስነብቡ። እኔ እንግሊዝኛውን ሳላየው ወደ ኪሴ መክተቴ ያሳቅቀኛል።

ትኬቱ ላይ የተጻፈው የጉዞ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። የምንሳፈርበት አውሮፕላን ባለ ሁለት ሞተር፣ በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ስድስት ክንፍ ያለው የሚሽከረከር መቅዘፊያ የተገጠመለት ኪው 400 ሲሆን፣ ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። እንግዲህ 333ን ለ600 ብናካፍል የሚወጣው 33 ደቂቃ ግድም ነው። የቀረው ጊዜ ወዴት ሄደ? ለተማሪዎቼ ይህን አስረድቼ አላውቅም ነበር። ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ ሌላው ማረፊያ ላይ እስኪቆም ድረስ ያለው ነው፤ በመሬት ላይ እየተንከባለለ ወደ መንደርደሪያው የሚሄድበት፣ ተራ የሚጠብቅበት፣ ወደ ላይ ሲወጣና ለማረፍ ሲወርድ ፍጥነቱ ዝቅ የሚልበት ሁሉ ተደምሮ ነው የሚሰላው። በዚያ ላይ የቦሌ ሁለቱ መንደርደሪያዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው። ወደ ሰሜን የሚሄድ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ሰሜን አድርጎ መነሣት አይችልም፤ በአንዱ አቅጣጫ ተነሥቶ በአየር ላይ መዞር አለበት። ስለዚህ የሚበረው መንገድ ምንጊዜም ከቀጥታው መስመር ይረዝማል።

መንኰራኩሮቹ ከቦሌ መሬት የተላቀቁት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ ነው። በቀኝ በኩል፣ ከመስኮት አጠገብ ተቀምጫለሁ። የጠዋት ፀሐይ ዓይን ትወጋለች፤ ነገር ግን ጥላው ረጅም ስለሚሆን የመሬቱ ቅርጽ በዚያ ሰዓት እንደሚታየው በሌላ ሰዓት አይታይም። ከተነሣን አንድ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የአጨዳ ወቅት ስለነበር ቢጫ ምንጣፍ መስሎ የተዘረጋው የሸዋ ደጋ ድንገት ተቆረጠ። የጀማ ሸለቆ ነው። አፋፉ ላይ ያሉት ጎጆዎች ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ስኒዎች ይመስላሉ፤ ከሥራቸው ያለው ገደል ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከጀማ ቀጥሎ ወንጪት መጣ። ደጋው ጥቂት ታየና እንደገና ተሰነጠቀ፤ ከዚያም ሁሉንም የሚያስንቀው የበሽሎ ሸለቆ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተጋድሞ አየሁት። የሦስቱም ወንዞች ውኃ መጨረሻው ዓባይ ነው። መቅደላ ከመስመራችን በስተ ምሥራቅ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ስለሆነ አምባውን ለመለየት ግንባሬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ነበር፤ ነገር ግን ተመሳሳይ አምባዎች በዙብኝና እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም።

ለተማሪዬ ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ ይኸው ነበር። መንገድ የሚጠማዘዘው ዝም ብሎ አይደለም። ከሸዋ እስከ ላስታ በቀጥታ ለሚሄድ መኪና ጀማን፣ ወንጪትንና በሽሎን አንድ በአንድ መውረድና መውጣት ግዴታው ነው። ዋናው የሰሜን መንገድ ይህን ለመሸሽ ወደ ምሥራቅ ሄዶ የደጋውን ጠርዝ ይዞ ይወጣል፤ ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴና ወልድያ የተሰለፉት በዚያ ጠርዝና ከጠርዙ ሥር ነው። አውሮፕላኑ በሁለት ሁለት ደቂቃ የሚሻገረውን ገደል መኪና በቀን ሙሉ ይዞረዋል።

መንኰራኩሮቹ የላሊበላን መሬት የነኩት 2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ላይ ነው። በአየር ላይ የቆየነው 44 ደቂቃ መሆኑ ነው። አጠገቤ የነበረች ወጣት የቀረበላትን ብስኩት ሳትጨርስ ደረሰች።

ማረፊያው ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ቆላማ ሜዳ ላይ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሲሆን፣ ከተማው 2,500 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ከአውሮፕላን ወርዶ እንደገና ተራራ መውጣት አለ። ሚኒባሱ 100 ብር አስከፈለኝ። በአጎታችን ደጃፍ ስደርስ ሰዓቴ 3 ከ50 ይላል፤ ከቤት ደጅ እስከ ቤት ደጅ 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጅቶብኛል። «ላሊበላ የአንድ ሰዓት በረራ ነው» ለሚሉኝ ሰዎች ከእንግዲህ የምነግራቸው ይህን ቁጥር ነው።

ዕለቱ ዓርብ በመሆኑ የጾም ምሳ ተሠርቶ ጠበቀኝ፤ ሽሮ በተልባ፣ የተቀቀለ ጎመን፣ ከማሽላና ከጤፍ የተቀላቀለ እንጀራ። በአዲስ አበባ ማሽላ የተቀላቀለበት እንጀራ ርካሽ ተብሎ ይናቃል። እዚህ የበላሁት ግን ለስላሳና ጣዕሙ ጥሩ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጨመሩልኝ፣ እኔም እምቢ አላልኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፦ ላሊበላ

ዕለቱ የቁስቋም በዓል ስለነበር ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳምን። ስለ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ስለተጻፈ እኔ እዚህ አልደግመውም። ከሰዓት በኋላ የቅዳሜ ገበያ ወርጄ ሁለት ኪሎ ነጭ ማር በ500 ብር ገዛሁ። አዲስ አበባ ቢሆን ይህን ማር በዚህ ዋጋ አላገኘውም፤ ቢገኝም ስኳር የሌለበት ለመሆኑ ማንም አይምልልኝም። ማሩ እንደ ቅቤ የረጋ ስለነበር ሻጯ በማንኪያ እየቆረጡ በፕላስቲክ ዕቃ ሞሉልኝ።

ማታ በምድጃው ዳር ሆነን አጎታችንን ስለ መንገድ ጠየቅኳቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሕመሙ ቢያከሳቸውም ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ ወልድያ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ይባል ነበር?» አልኳቸው።

«እኛ ኪሎ ሜትር የምናውቀው መቼ ነው ልጄ! ወልድያ የሁለት አዳር ነበር። በቅሎ ካለህና ጭነት ከሌለህ ባንድ አዳር ትገባለህ። ደሴ ደግሞ አምስት አዳር። ከደሴ ወዲያ መኪና አለ፤ መኪናውም ቢሆን ያሳድርሃል።»

አዳር! ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁት የርቀት መለኪያ መሆኑን ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አዳር ኪሎ ሜትርንም፣ ዳገቱንም፣ ጭነቱንም፣ የክረምቱን ጭቃም በአንድ ላይ ይለካል። ሁለት ከተሞች በካርታ ላይ እኩል ቢራራቁም፣ አንዱ በሜዳ ሌላው በገደል የሚደረስ ከሆነ አዳራቸው እኩል አይደለም። እሳቸው ስለ አውሮፕላኑም አወጉኝ። በወጣትነታቸው ዘመን የሚያርፍበት ሜዳ አፈር ስለነበር ክረምት ሲገባ አይመጣም ነበር፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ዝም ይላል። መንገዱም በጭቃ ስለሚዘጋ፣ በእነዚያ ወራት አገሩ ከሌላው ተነጥሎ ይከርማል። «ሰው ከሞተም ዘመድ የሚሰማው ለመስቀል ነው» አሉኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 7፦ ከላሊበላ በጋሸና ወደ ወልድያ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ ተነሣን። እስከ ወልድያ 130 ብር ነበር፤ ሲሞላ ይነሣል የተባለው ሚኒባስ ዕቃም ጭኖ ስለነበር ጉልበቴን የማስቀምጥበት አጣሁ። የመጀመሪያው መንገድ ዓርብ ዕለት ከአውሮፕላን ማረፊያው የመጣሁበት አስፋልት ነው፤ ወደ ቆላው ወረድን። ከዚያ ጠጠሩ መንገድ ይጀምርና ያለ ፋታ ይወጣል። ስልኬ ላይ የከፍታ መለኪያ ጭኜ ነበር፤ 2,000 የነበረው ቁጥር 2,300፣ 2,600፣ 2,800 እያለ ሄዶ ጋሸና ስንደርስ ወደ 3,000 ሜትር ተጠጋ። አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። 64 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጅቶብናል። በዚህን ያህል ጊዜ አውሮፕላኑ ቦሌና ላሊበላ ደርሶ መልስ ሊበር ይችላል።

ጋሸና ብርዳማ ነው። ጋቢ የለበሱ ሰዎች ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እንጀራ ፍርፍርና ሻይ በ45 ብር ቀመስን። ግማሽ የጠጣሁትን የፕላስቲክ ውኃ እዚያው በደንብ ከድኜ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት፤ ሆን ብዬ ነው።

ይህ ደጋ ለታሪክ ለሚጨነቅ ሰው ባዶ ሜዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚህ ደጋ በኩል፣ በቤተ ሖር አቋርጠው ነው። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው የቀጥታ ርቀት በእኔ ስሌት 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1860 ዓ.ም. ግን ያ ጉዞ ስድስት ወር ያህል ፈጀ፤ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ለመውረድና ለመውጣት መንገዱን ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ማበጀት ነበረባቸው። ዓርብ ዕለት ከላይ ሆኜ በሁለት ደቂቃ ያለፍኩት ያንኑ በሽሎ መሆኑን ሳስብ፣ ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከጋሸና ወደ ወልድያ ያለው በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ አካል ነው። መንገዱ ጥሩ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ልብ ይሰቅላል። ድልብን እንዳለፍን የኋላ ቀኝ ጎማ ተነፈሰ። ትርፍ ጎማው ራሱ ነፋስ አልያዘም፤ ረዳቱ በሚያልፍ አይሱዙ ተሳፍሮ ሳንቃ ወርዶ አስነፍቶት እስኪመለስ ድረስ አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ መንገድ ዳር ጠበቅን። አንዲት እናት ከመሶባቸው ዳቦ አውጥተው ለሁላችንም ቆረሱልን፤ አንድ ዲያቆን የያዘውን ጠላ አዞረ። ማንም አልተቆጣም። በአውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ ከተቀመጠችው ወጣት ጋር ያወራሁት ሁለት ዐረፍተ ነገር ነበር። እዚህ ግን የዐሥራ ስድስት ሰዎችን መነሻና መድረሻ፣ የስንቱንም የልጅ ቁጥር አወቅኩ።

ወልድያ ስንገባ ቦርሳዬን ከፍቼ የውኃውን ጠርሙስ አወጣሁት። ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨምድዷል፤ በጋሸና ስስ አየር የተከደነውን ዕቃ የወልድያ አየር ጨምቆታል። ወደ 900 ሜትር ያህል መውረዳችንን የሚናገር ምስክር ነው። በዚህ ዓይነት ቀላል ዕቃ ስንት ትምህርት ማስተማር እንደሚቻል ሳስብ፣ ያለፉት ዓመታት ቆጩኝ።

አልጋ በ300 ብር ያዝኩ። ሙቅ ውኃ አለ ተብሎ ነበር፤ አልነበረም። ማታ የበላሁት ጥብስ 120 ብር ነበር፤ በአዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ግማሹም አይገኝም ነበር። አንድ አዳር።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፦ ከወልድያ ወደ ደሴ

120 ኪሎ ሜትሩን በ90 ብር፣ በ3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ጨረስነው። መርሳ ላይ ብርቱካን በመስኮት ይሸጣል፤ ሐይቅ ላይ ሹፌሩ ቁርስ ሲበላ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድ ብዬ የእስጢፋኖስን ገዳም ከሩቅ ተሳለምኩ።

ደሴ ላይ የተቀበለኝ ከሃያ ዓመት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ፀጉሩ ሸበት ብሏል፤ እኔን ግን ዛሬም «ቲቸር» ይለኛል። ባለቤቱ ከአቦል እስከ በረካ እየቀዳች አጫወተችን፤ እጣኑ፣ ቄጠማው፣ ፈንዲሻው አንድም አልቀረም። ልጆቹ የምሄድበትን ሲጠይቁኝ ደብተሬን አውጥቼ ሁለት ነጥብ አሠፈርኩና በመካከላቸው በማስመሪያ መስመር ሳብኩ። ከዚያም ሦስቱን ወንዞች መስመሩን አቋርጠው ሲያልፉ ሣልኳቸው፤ በመጨረሻም በቀኝ በኩል እንደ ቀስት የሚለጠጠውን የመኪና መንገድ። ታላቅየዋ ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ካየችው በኋላ፣ «ድልድይ ቢሠራባቸውስ?» አለችኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠልቅና ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሸለቆ ላይ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ድልድይ መዘርጋት ስለማይሞከር፣ ድልድዩ ከታች ወንዙ ላይ ነው የሚሠራው፤ እስከዚያ ለመውረድና ከዚያ ለመውጣት ደግሞ ያው ጠመዝማዛ መንገድ ያስፈልጋል። ይህን አስረዳኋት። የዛን ጊዜው የላስታ ልጅ የት እንዳለ ባውቅ ለእሱም እነግረው ነበር።

ሁለት አዳር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፦ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ 12 ሰዓት ላይ ተነሣ፤ ዋጋው 270 ብር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ያህል ያወርዳል፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተነሣው መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል። ኮምቦልቻ አጠገብ አዲሱ የባቡር ሐዲድ ከመንገዱ ጎን ተዘርግቶ አየሁት። ያኔ ገና መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም ነበር። ያ ሐዲድ ሥራ ሲጀምር የዚህ ማስታወሻ ቁጥሮች በሙሉ እንደሚለወጡ ተስፋ አለኝ፤ ዕድሜ ከሰጠኝ ደግሜ እጽፈዋለሁ።

ከሚሴ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን፤ 20 ደቂቃ። ከዚያ በኋላ መሬቱ እየሞቀ ሄዶ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ስልኬ 1,280 ሜትር አለኝ። ከጋሸና ወዲህ ከ1,700 ሜትር በላይ ወርጃለሁ ማለት ነው። ሙቀቱ በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የሚንቀለቀል ይመስላል። ማንጎና ፓፓያ የሚሸጡ ልጆች መስኮቱን ከበቡት፤ አራት ማንጎ በ20 ብር ገዛሁ። እዚህ ደግሞ የዛሬውን የውኃ ጠርሙስ ከድኜ አስቀመጥኩት።

ከደብረ ሲና በላይ ያለው ዳገት የጉዞው ትልቁ ፈተና ነው። ቆሎ ሻጮቹ አውቶቡሱ ከመቆሙ በፊት ሩጠው ይደርሳሉ፤ በ10 ብር የገዛሁት ቆሎ እስከ ደብረ ብርሃን አቆየኝ። ከዚያ አውቶቡሱ በመጀመሪያው ማርሽ እያቃሰተ ጣርማ በርን ወጣ። የጣልያን ጊዜው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከወዲያኛው አፍ ሲወጡ ጉም ይቀበላል። መለኪያው ከ3,000 ሜትር በላይ ያሳያል። ጠርሙሴን አወጣሁት፦ ተነፍቶ ሊፈነዳ ደርሷል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ተቀብለው ዳሰሱትና፣ «እንግዲያ ጆሮዬ የሚጮኸው ለዚህ ነዋ» አሉ።

ከደብረ ብርሃን ወዲህ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው፤ የሚጻፍ ነገር አልነበረውም። ላምበረት የደረስነው 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ነው።

በታክሲ ውስጥ ቁጥሮቹን ደመርኳቸው። ከላሊበላ እስከ ወልድያ 174፣ እስከ ደሴ 120፣ እስከ አዲስ አበባ 400፤ ድምሩ 694 ኪሎ ሜትር። በመንገድ ላይ ያጠፋሁት፣ የጎማውን ጥበቃ ጨምሮ፣ 19 ሰዓት ግድም ነው፤ ሁለቱ አዳር ሳይቆጠር። ለመኪና ያወጣሁት 490 ብር፣ አልጋና ምግብ ሲጨመርበት ከ1,000 ብር ጥቂት ያልፋል። የአውሮፕላኑ ትኬት 2,000 ብር ገደማ ነበር። የመኪና መንገዱ ከቀጥታው መስመር በእጥፍ ይረዝማል፤ ሰዓቱ ግን በአየር ላይ ከቆየሁባት 44 ደቂቃ ጋር ሲነጻጸር ሃያ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ወደ ላይና ወደ ታች የሄድኩትን ሜትር ለመደመር ሞክሬ ነበር፤ ስልኬ ባትሪ ስለጨረሰ ከደብረ ሲና ወዲህ ያለው ጎድሎብኛል።

ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ስከፍት እጄን የነካው ማር ነው። ላሊበላ ላይ በማንኪያ የተቆረጠው ማር በሸዋ ሮቢት ሙቀት ላልቶ በክዳኑ በኩል ወጥቶ ኖሯል፤ ጋቢዬን፣ ሁለት ሸሚዜንና የደብተሬን የመጨረሻ ገጾች አጣብቋቸዋል። ባለቤቴ ዕቃውን ተቀብላ ሚዛን ላይ አወጣችው፤ ከሁለቱ ኪሎ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ቀርቷል። ገጾቹን በሞቀ ውኃ ጨርቅ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው፤ የሸዋ ሮቢቱ ገጽ ብቻ እንደተጣበቀ ቀረ።